ከኋላ ይሁኑልኝ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የርብ ወንዝ ግን ያን ክረምት ሳያሳስቅ ነው ግቢያችን የገባው። የሩዙ ማሳ ሐይቅ ሆነ፤ ጋጣው ውስጥ ውሃው የሁለቱን በሬዎቻችንን ጉልበት ነካ። አባቴ በሮቹንና የአምናውን ሩዝ ጣራ ገዳም ግርጌ ወዳለው ወደ አጎቴ ቤት ሊያሸሽ ወሰነ። መንገዱን ጎርፍ ስለዋጠው በእግር መንዳት አልተቻለም። አንድ ዘመዳችን ትራክተሩን ከነተጎታቹ ይዞ ከወረታ መጣልን።

በሮቹ ከጥጃነታቸው ጀምሮ አባቴ ያሳደጋቸው ናቸው፤ ጥቁሩ በቀኝ፣ ቡሬው በግራ የሚጠመዱ። ከእኛ ከልጆቹ አብልጦ ይወዳቸው ነበር። ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ቀንቼ ነው።

ዘመዳችን ተጎታቹን ዞሮ አየና፣ «አያ፣ በሮቹ ወደ ፊት ይሁኑ፤ የሩዙ ጆንያ ይከተል። ኋላው ከከበደ ፊቱ ይነሳብናል» አለው።

ትራክተሩ አሮጌ ነው፤ ጭሱን የሚተፋው ወደ ኋላ ነው።

«ያፍናቸዋል ልጄ» አለ አባቴ። «ከኋላ ይሁኑልኝ።»

እንዳይፈሩ ብሎም ልክ እንደተጠመዱ አንገት ለአንገት አሰራቸው። ዘመዳችን ጆንያዎቹን ወደ ፊት ጫነ። በእኛ አገር ሽማግሌ መጋፋት ነውር ነው፤ ይህ ነውር ያስከፈለንን እኔ አውቃለሁ።

አባቴና እኔ ትራክተሩ ላይ ከሚነዳው ዘመዳችን ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ውሃውን በደህና አለፍነው። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ግን በሮቹ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፤ የተጎታቹ ፊት ብድግ አለ፤ ማያያዣው ብረት ተነቀለ። የኋላው ሳንቃ ተሰብሮ ሁለቱም ወደቁ። አንድ ላይ ታስረዋልና ጥቁሩ ቡሬው ላይ አረፈ። ጥቁሩ ተነሳ። የቡሬው የፊት እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፤ ሥጋውን የሚካፈለን ጎረቤት እንኳ አልነበረም። አባቴ ራሱ ባረከው፤ መንገድ ዳር ደረቅ መሬት ፈልገን ቀበርነው።

ውሃው ሲሸሽ ለሽምብራ ማረስ ነበረበት። እንደሱ አንድ በሬ የቀረው ጎረቤታችን እንቀናጅ አለው፤ በሬዎቻችንን አጣምረን በየተራ እንረስ ማለቱ ነው። የእሱም በሬ የቀኝ ስለሆነ ጥቁሩ ወደ ግራ ዞረ። ሲታገል ሰነበተና ለመደ።

እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቴ ላይ ተናድጄ ነበር። «ተነግሮህ አልነበር?» የሚለው ቃል ስንቴ ምላሴ ላይ መጥቶ ተመልሷል።

አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ እርፉን እንደጨበጠ ማሳው መሐል ቆሟል። በሮቹ ይጠብቁታል፤ እሱ ግን በቡሬው ቦታ የተጠመደውን ጥቁሩን ያያል። ጅራፉን ለጎረቤታችን ሰጠውና የማሳው ድንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሳሳሁለት» አለኝ። «ሳስቼ ገደልሁት።»

ምሳውን አጠገቡ አስቀምጬ አብሬው ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ እርፍ አልጨበጠም።