እህቴን «ኖር» ማለት ያስተውኳት ሰሞን

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፣ ይኸው ነው። ታላቅ እህቴ ግን ቁጭ ብላ የማትጨርሰው ትምህርት የለም። ማስተርሷን ይዛ፣ ሳንጃ ከተማ ሙቀት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እያስተማረች፣ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር።

መጀመሪያ የተወዳደረች ጊዜ የጽሑፍ ውጤቷ ሸጋ ነበር። የጣላት ፈታኞች ፊት ቆማ የምትሰጠው የሙከራ ትምህርት ነው። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ፈታኝ ዘግይተው ገቡ። እህቴ እንዳደገችው ጠመኔዋን አስቀመጠች፣ እጅ ነሣች፣ «ኖር» ብላ ግድግዳው ሥር ተሸጎጠች። ሰውየው «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። እሷ ግን የት ላይ እንዳቆመች ጠፋት። እውቀት አላት፣ ክፍል ግን አትይዝም ተባለ።

ቤት መጥታ ስታለቅስ እኔ ሳቄ መጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ለሰው ቦታ ለመልቀቅ ነው ወይ ብላት ትራስ ወረወረችብኝ።

ማስታወቂያው እንደገና ሲወጣ እሷ ከሳንጃ ለእረፍት ቤት መጥታ ነበር፤ ሥልጠናውን እኔ ያዝኩት። አዘዞ ያለው ግቢያችን ጥቁር የብረት በር አለው፤ ሰሌዳችን እሱ ሆነ። ትምህርቷ ስለ አፈር መሸርሸር ነው። የኮሶዬን ተራራ በጠመኔ ትስልና ዝናቡ አፈሩን እንዴት ጠርጎ እንደሚወርድ ታስረዳለች። ሰው በመጣ ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ ተራራውም አብሮ ይሄዳል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ጎረቤታችን ያሉት እማማ ግን ይህች ልጅ ከበር ጋር ምን ትማከራለች ብለው ጠበል እንድንወስዳት መከሩን።

አባባ ከማክሰኝት ገበያ ሲመለሱ ደግሞ እየወጡ እንዲገቡ ለመንኳቸው። በገቡ ቁጥር እህቴ «ኖር አባባ» ትላለች፤ ውሃውም ተራራው ወገብ ላይ ይቆማል።

«ዓይንሽ ይነሣ፣ አፍሽ አይቁም» እላታለሁ።

አባባ ሰለቹ። «የገዛ ቤቴ እኮ ነው፤ ስንቴ ነው የምገባው?»

አንድ ቀን እሳቸው ሲገቡ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ብቻ ማስረዳቷን ቀጠለች። እኔ አጨበጨብኩ፤ አባባ ደነገጡ። «ልጄን ብልግና አስተማርሽብኝ» አሉኝ። እኔ ያለ አስተማሪ የቻልኩትን እሷ በስንት መከራ ተማረችው ብዬ መለስኩ።

የፈተናው ዕለት ክፍሉ ባዶ እንዳይመስል ኮሪደር ላይ የቆምነውን ሁሉ አስገቡን። እኔም ከተማሪዎች ጋር ተቀመጥኩ። እህቴ ዝናቡን ተራራው ጫፍ ላይ እንዳወረደችው በሩ ተከፈተ። እኚያው ሽማግሌ፣ ዘንድሮም አርፍደው።

እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። እኔ ግን፣ አሠልጣኟ፣ ብድግ ብዬ «ኖር» አልኩ። ጉልበቴ ነው የተነሣው፤ እኔን አላማከረኝም። ተማሪዎቹ ተከትለውኝ ተነሡ፣ ሁለቱ ፈታኞችም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ክፍሉ እንዳለ ቆመ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ያ ሁሉ ልፋት በእኔው አፍ ሊበላሽ ነው።

እህቴ ጠመኔውን አልለቀቀችም። ሁላችንንም ቃኘት አደረገችን፣ እኔ ላይ ትንሽ ቆየት ብላ።

«ተቀመጡ» አለች። «ውሃው ገና አልወረደም።»

ሁላችንም ቁጭ። ሽማግሌው ብቻ በሩ ላይ ቀሩ።

«እኔስ፣ መምህርት?»

«እርስዎም ይቀመጡ፣ አባቴ። እዚህ ፊት ለፊት ቦታ አለ።»

«በእግዜር» ብለው እንደ ተማሪ ሰብሰብ ብለው ተቀመጡ። እሷም ውሃውን ካቆመችበት አንስታ እስከ ወንዙ አወረደችው።

ማለፏን በስልክ የነገሯት ዕለት ሁለታችን በረንዳ ላይ የሽሮ አተር ለቀማ ላይ ነበርን። አባባ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምተው ኖሮ የብረቱን በር ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«መምህርት፣ ልግባ ወይስ ትምህርት ላይ ናችሁ?»

እህቴ ብድግ ስትል ሰፌዱ ተገለበጠ፣ አተሩ ግቢውን ሞላው። «ኖር አባባ፣ ኖር፣ ኖር» እያለች ሮጠች። አሠልጣኟም አልተቆጣኋት፤ አተር እየለቀምኩ ነበር።