ለዶሮዎቹ የዘራሁት ትምባሆ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ለዶሮ ሰላጣ አቀርባለሁ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እንደ ሌላው ወሬዬ ትንሽ የተጋነነ ነው እንጂ። በምርምር ጣቢያችን የምንሠራው ቅጠል ውስጥ የሚበቅል የፈንግል ክትባት ነው። ፈንግል አንድ ግቢ ከገባ ማለዳ የጮኸ አውራ ዶሮ ማታ አይገኝም። ክትባቱስ አለ፤ ግን ቅዝቃዜ ካልተጠበቀለት ይበላሻል። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ በረዶ ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ እስኪደርስ ሻይ ይፈላበታል። ዶሮዋ ክትባቷን እንደ ጎመን ለቅማ ብትውጠውስ? ሐሳቡ ይኸው ነው።

ሰላጣው ግን ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የምንሞክረው ቶሎ በሚያድግ የትምባሆ ዘመድ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ክትባቱን መሥራት ከቻለ ወደ ሰላጣ እናዛውረዋለን። ይህን ለመጣው ጎብኚ ሁሉ አስረዳለሁ። ማስረዳት ለነበረብኝ ሰው ብቻ አላስረዳሁም።

ተክሉ ያለበትን ግሪንሃውስ ውሃ የምታጠጣው ከደጋው ከገረሴ የወረደች፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ እንደ ቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች "ወንድሜ" ትለኛለች። ሚስቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ሥራ ፍለጋ ከተበተኑ በኋላ ከሰው ጋር የምበላው ምሳ ከእሷ ጋር የምበላው ብቻ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ እንላለን፤ እሷ ቦዬ የሚሉትን የአገሯን ሥራሥር ቀቅላ በዳጣ ታወጣለች፣ እኔ ቀልድ አወጣለሁ። አንዴ አዞ ላይ ተቀምጬ የዓባያን ሐይቅ በማቋረጥ ምዕራብ ዓባያ ከተማ ሙዝ ልገዛ እንደሄድኩ ነገርኳት።

"መልሱንስ በምን መጣህ?" አለች ሳትስቅ።

"በባጃጅ። አዞው ሙዝ አልሸከምም አለ።"

ያኔ ነው የሳቀችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከእግሯ ሥር የወደቀ ቅጠል አነሳችና በጣቷ አሽታ አሸተተችው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ትምባሆ ነው እንዴ?"

ዘመዱ ነው፣ አይጨስም፣ ለሙከራ ነው ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ቀደመኝ። "አዎ፤ ዶሮዎቹ ለምደዋል። አውራው በቀን አንድ ፓኬት ካላጨሰ አይጮህም።"

ማጠጫውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"አባቴ ጋያ ሲያጨስ ኖሮ በሳል ነው የሞተው። ጌታን የተቀበልኩ ቀን የጓሮውን ትምባሆ በዚህ እጄ ነቅዬ ጣልኩ። አንተ ይህን ሁሉ ወር እያወቅህ በእጄ ታሳድገዋለህ?"

ያኔ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ዘመዱን፣ ሰላጣውን፣ ፈንግሉን።

"አሁን ደግሞ ዘመዱ ሆነ?" አለች። "የትኛው ነው ቀልዱ?"

በማግስቱ አለቆቹን ጠይቃ ወደ ግቢው አበባ መደብ ተዛወረች። ውሃውን ራሴ ማጠጣት ጀመርኩ። ዛፉ ሥር ደረቅ ዳቦ ይዤ ስቀመጥ የራሴን ማኘክ ሰማሁ። ሰው ሲያኝክ ይህን ያህል እንደሚጮህ አላውቅም ነበር፤ ከጫካው ወደ ግቢው የሚመጡት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። ቅጠሉ ክትባቱን ሠርቷል! ወጣቶቹ ተመራማሪዎች አጨበጨቡ፣ በስልክ ፎቶ ተነሡ፣ ደስታቸውን ሊያከብሩ ወደ ከተማ ወረዱ። እኔ የምነግረውን ሰው ሳስብ አንድ ሰው ብቻ መጣልኝ።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ የለመነውን አይነፈግም። እኔ የሌላ አገር ሰው ነኝ፤ ለሽምግልናውም ገና ነኝ። ቢሆንም ከቦዩ ዳር አንድ እፍኝ ሣር ነጭቼ አበባው መደብ ድረስ ሄድኩና ተንበረከክሁ።

አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም።

"ወንድሜ፣ በሣርም ትቀልዳለህ?"

"አልቀልድም" አልኩ። ድምፄ ግን ያው አዞው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። ሴቶቹ ይብስ ሳቁ።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀበለች።

"ሣር የያዘ ሰው ባዶውን አይመለስም። ተነሥ፤ ይቅር ብያለሁ።"

"ቅጠሉ ሠራ፣ እትዬ። አሁን ሰላጣውን እንዘራለን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፣ ከልቧ።

"እንግዲህ ምሳ…"

"ምሳዬን ከእነሱ ጋር ነው የምበላው" አለችና በአገጯ ወደ ሴቶቹ አመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አረሟን ቀጠለች።

የጉልበቴን ጭቃ ሳላራግፍ ተመለስኩና የሰላጣውን ዘር አንድ በአንድ አፈር አለበስኩት።