ተማሪዎች ላኩኝ ያለችው ልጅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ዓመታት በቁረይሻ እርሻ ሰሊጥ አጭጃለሁ፤ በገዳሪፍ ገበያ የማሽላ ጆንያ ተሸክሜአለሁ፤ አረብኛውንም እዚያው ለምጃለሁ። የእርዳታ ድርጅቶች ሲመጡ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሐበሻ አጥብቀው ፈለጉ። እኔም ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ የተማርኳትን እንግሊዝኛ አቧራዋን አራግፌ ቀረብኩ።

ሁለቱ ሴቶች የመጡት ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ የድንኳን ሸራ በማያስነካበት ሰሞን ነው። ከውሃ ቦቴው ጋቢና ወረዱ። አንደኛዋ ሃያ ዓመት ቢያልፋት ትንሽ ነው፤ ሱሪ ለብሳለች፣ ጸጉሯ በአንድ ጉንጉን ወገቧ ድረስ ይወርዳል። ሌላዋ ከአርባ በላይ ናት፤ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የጥጥ ልብስ ተጠቅልላ፣ ጫፉን በራሷ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉት ሴቶች መጀመሪያ የኛ ሰው መስለዋቸው ነበር። አንድ የጠገዴ ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው አዩና ሕንድ ናቸው አሉ፤ ልጃቸውን ሒሳብ ያስተማረው ሕንድ ስለነበር መልካቸውን አይስቱትም። ሱዳናዊው ዘበኛ ደግሞ ከሲኒማ ቤት የለመደውን የሕንድ ዜማ ማፏጨት ጀመረ።

ወጣቷን ማን ላካችሁ ብዬ ጠየቅኋት። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነበር፤ የሚመጣውን ሁሉ የድርጅቱን ስም ጠይቄ መዝገብ ላይ ማስፈር።

«ተማሪዎች» አለችኝ።

እንግሊዝኛዬ የከዳኝ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋት። በትዕግሥት አስረዳችኝ። እሷ የተወለደችውም የምትማረውም ባሕር ማዶ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወላጆቻቸው ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ የሄዱ ተማሪዎች ማኅበር አላቸው። ምግብ ሠርተው ይሸጣሉ፣ የሙዚቃ ዝግጅት ያሰናዳሉ፤ በተገኘው በየዓመቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይልካሉ። የሚላከው ወላጆቹ ወደ ወጡበት አገር ሄዶ ሕዝብ ያገለግላል፣ ተመልሶም ያየውን ለሌላው ያስረዳል። አወዳዳሪዎቹም መራጮቹም ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ አስተማሪ የለበትም፣ መንግሥትም የለበትም። እሷ የዘንድሮዋ ተመራጭ ናት። ትልቋ ሴት ደግሞ በልጅቷ እናት መንደር ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን የምታስተምር ናት።

«እና የወላጆችሽ አገር ይሄ ነው?» አልኳት።

ወደ መሬት አየችና ረሃቡን በሬዲዮ ሰምተን መጣን አለች። መልስ አልሆነልኝም። መዝገቡ ላይ «ተማሪ» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

የተማሪ ኮሚቴ ሲባል ጆሮዬ የሚቆመው ያለ ነገር አይደለም። ጎንደር ሳለሁ ለወሎ ርሃብተኞች እህልና ልብስ የሚሰበስብ የተማሪ ኮሚቴ ነበረን። ከልባችን ነበር የሠራነው። የአባላቱን ስም ዝርዝር የሚይዝ አንድ ጓደኛችን ነበር፤ ዘመኑ ሲከፋ ያ ዝርዝር ከእሱ እጅ ወጥቶ ቀበሌ ገባ። እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ በመተማ በኩል በእግሬ አመለጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስም የሚጽፍ ሰው ሳይ አስቀድሜ የማየው የሚጽፍበትን እጁን ነው።

እነዚህ ሴቶች ደግሞ ጻፉ። በየድንኳኑ እየገቡ ስንት ሕፃን እንዳለ ይጠይቃሉ፣ ወጣቷ በደብተር ትይዛለች። ከዚያ ትልቋ ቁጢጥ ብላ ታስተምራለች፦ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ በሦስት ጣት ቁንጥር ጨው፣ አንድ ጭብጥ ስኳር። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው እሱን በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ ጡትም አለመከልከል። የተበጠበጠውን አስቀድማ ራሷ ትቀምሰዋለች፣ እናትዮዋንም ታስቀምሳታለች፤ ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም። ንግግሩ በሦስት ቋንቋ ይሻገር ነበር። ትልቋ በቤንጋሊ ትናገራለች፣ ወጣቷ ወደ እንግሊዝኛ ታመጣዋለች፣ እኔ ወደ አማርኛ። በቤንጋሊ ረጅም የነበረው እኔ ጋ ሲደርስ ያጥራል፤ ያሳጠርኩትም እኔ ነበርኩ። የማላምንበትን ነገር በአፌ ማስረዘም አልፈለግሁም።

ከድንኳኑ ሲወጡ በሸራው ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራሉ። በማግስቱ ተመልሰው እናትዮዋ እንዴት እንደምትበጠብጥ ያያሉ፤ በደንብ ከሠራች ሁለተኛ መስመር ይጨምራሉ።

ያ መስመር አንገበገበኝ። በአሰሳው ጊዜ በሰፈራችን የተፈተሸ በር ላይ በኖራ ምልክት ይደረግ ነበር፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቀው ከሳምንት በኋላ ሰው ሲወሰድ ነው። እኔ ብቻ አልነበርኩም የጠረጠርኩት። ሁለት መስመር ያለው ወደ አገሩ ይመለሳል ተባለ። ሕፃናቱን ባሕር ማዶ ሊወስዱ ነው ያለም ነበር። አንዲት እናት ሌሊቱን ሸራዋን በአመድ ስታሽ አድራ በጠዋት አገኘኋት። ቀድመው ሕንድ ናቸው ያሉት ሽማግሌም ጠርተው ጠየቁኝ። እኒህ የጠገዴው ሰው የድንኳን መስመራችን ተጠሪ ሆነው ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ከነሱ ጋር ትውላለህ። ደጎች ናቸው ወይስ ሌላ?»

አላውቅም አልኳቸው። አላውቅም ያለ አስተርጓሚ መጥፎ ነገር ያውቃል ማለት ነው፤ እሳቸውም እንደዚያ ነው የተረዱት።

በመጠለያው መግቢያ ከሣር ዳስ ሥር፣ እነሱ ራኩባ ከሚሉት፣ ሻይ ሲጠጣ የሚውል የጸጥታ ሹም ነበር። አዲስ ነገር ካለ ንገረኝ ብሎኝ ያውቃል። ነገርኩት። ማን እንደላካቸው በትክክል አይናገሩም፣ የሕፃናት ዝርዝር ይይዛሉ፣ ድንኳን ምልክት ያደርጋሉ አልኩት። አንዷም ቃል ውሸት አልነበረችም። ሹሙ ጠርቷቸው የፈቃድ ወረቀታቸውን አየ፤ ለገዳሪፍ ከተማ ብቻ የሚያገለግል ነው ብሎ ድንኳን ለድንኳን መዞሩን ከለከለ።

ሁለቱ ሴቶች በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ቀን ያህል ይመስለኛል። በዚያው ሰሞን ከድንበር አዲስ ሰው በሎሪ እየተጫነ ይገባ ነበር፤ ተቅማጡም አብሮ ገባ። ወደ ምሥራቅ ያለው የድንኳን መስመር ገና ያልተዞረ ነበር። ከዚያ በኩል ጠዋት ጠዋት የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ትልቋ ሴት በሰማች ቁጥር ትነሳለች፣ ወጣቷ በልብሷ ይዛ ታስቀምጣታለች። እኔ ራቅ ብዬ አያለሁ። ትወናም ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን መጻፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዚህ መካከል ወጣቷ፣ ከኔ ሌላ ከተማ የሚወርድ ስላልነበረ፣ ፖስታ ቤት አስገባልኝ ብላ ደብዳቤ ሰጠችኝ። አድራሻው የተማሪዎቹ ማኅበር ነው። እነሆ ማስረጃው አልኩ በልቤ። ገዳሪፍ ገበያ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ፖስታውን በሻይ ብርጭቆዬ እንፋሎት ከፈትኩት።

ደብዳቤው ለኮሚቴው የተጻፈ የጥፋት ኑዛዜ ነበር። የመረጡኝ በእናቴ መንደር እንድሠራ ነው ትላለች። ረሃቡን ሰምታ የቀረውን ጊዜና ገንዘብ ወደ ሱዳን ላድርገው ብላ ስትጠይቅ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከልክለዋት ነበር፤ ዓላማችን ለዚያኛው አገር ነው፣ ሕጋችንን አናፍርስ ብለው። እሷ ግን ሳትነግራቸው መጣች። አሁን የምጽፍላችሁ ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው ትላለች። ታዲያ የደበቀችው ነገር እንዳለ አልተሳሳትኩም ነበር። የደበቀችው ግን ከኛ ሳይሆን ከላኳት ሰዎች ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ እኔ አለሁ። አስተርጓሚያችንን አላምነውም ትላለች። አሥር ቃል ብንናገር ሦስት ይላል፤ ለጸጥታ ሰዎች የሚሠራ ይመስለኛል፤ ሥራችንን ያስቆመውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። አብራኝ ያለችው እናት ግን ሰውየው ፈርቶ እንጂ ከፍቶ አይደለም ትለኛለች፤ እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

ሻዬ ቀዘቀዘ። ደብዳቤውን አሽጌ ፖስታ ቤት አስገባሁት፤ ማሸጊያው ግን እንደ ፊቱ አልሆነም።

በማግስቱ ሹሙ ዘንድ ሄጄ የተሳሳትኩ ይመስለኛል አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ በአረብኛ፣ «ትናንት ተጠራጠራቸው አልከኝ፣ ዛሬ እመናቸው ትለኛለህ። እኔ አሁን የምጠረጥረው አንተን ነው» አለ።

እውነቱን ነበር። ከፊቱ ግን አልሄድኩም። በመጨረሻ የፈቃዱን ወረቀት የሚያስተካክልላቸው ዋስ ካገኙ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ማን ዋስ ይሆናል ብል እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በሱዳን ቆይታዬ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም፤ ለአብሮ አደጌም አልሆንኩም። ወረቀቱ ላይ ስሜን በአረብኛ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊርማው የኔን አይመስልም።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ወጣቷ ደብተሯን ዘግታ ተነሳች።

«ደብዳቤሽን ከፍቼ አንብቤዋለሁ» አልኳት። «ሥራችሁን ያስቆምኩትም እኔ ነኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊቷ ደም መሰለ። ትልቋ ምን አለ ብላ ስትጠይቃት በቤንጋሊ ነገረቻት። ትልቋ ሴት ሳታየኝ የጨው ቆርቆሮዋን አነሳችና ወደ ምሥራቁ መስመር መራመድ ጀመረች። ወጣቷ ያኔ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«ዛሬ እሷ የምትለውን ሁሉ ትናገራለህ። አንዲት ቃል አትጎድልም።»

አልጎደለችም። ትልቋ ከጨውና ከስኳሩ ሌላ ምን ትናገር እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስካሁን ቆርጬ ስጥለው የኖርኩት እሱን ነበር። እኔም በረሃብ ዘመን እናት ነበርኩ ትላቸዋለች። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ቢጠጣ ይብስበታል ብለው አማቶቼ ሲከለክሉኝ ሰማኋቸው፤ ሁለት ልጆች ቀበርኩ። ያኔ ይሄን የሚነግረኝ አልነበረም። መስመሩን የምናሰምረው ማን እንዳወቀ እንድናውቅ ነው፣ ከፈለጋችሁ አጥፉት። ይህን በአማርኛ ስናገር አንዲት የወልቃይት ሴት ከሰሉን ከወጣቷ እጅ ወስዳ በገዛ ሸራዋ ላይ ራሷ አሰመረች።

ዋስ ከሆንኩ በኋላ ጥርጣሬዬ የቀነሰ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባሰ፤ አሁን የታሰረው የኔ አንገት ነው። ወጣቷ ከማን ጋር እንደምታወራ፣ ደብተሯን የት እንደምታስቀምጥ ለማየት ከእሷ ላይ አይኔን አላነሳም ነበር። እሷም ስተረጉም የሴቶቹን ፊት ታያለች፤ ያልኩት ቃል በትክክል እንደደረሰ ከፊታቸው ልታነብ ትሞክራለች። እንደዚህ በዓይን እየተጠባበቅን የምሥራቁን መስመር ጨረስን። ልቅሶው ጨርሶ አልቆመም፤ ኩፍኝም ነበር፣ ረሃቡም ነበር። ግን ቀነሰ፤ ሽማግሌውም ይህን አስተውለው ሴቶቹ ሲያልፉ ከመቀመጫቸው ይነሱ ጀመር።

የተማሪዎቹ መልስ በአንድ የእርዳታ መኪና መጣ። ወጣቷ ፊት ለፊቴ ከፈተችው፤ ይሄኛውን ማንም ቀድሞ አላነበበውም አለች፣ ሳትስቅ። ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ትክክል አድርገሻል ይላል፣ ግማሹ ለመንደሩ የገባነውን ቃል አፍርሰሻል፣ እዚያ የምትጠብቅሽ እናት ምን ትባላለች ይላል። በመጨረሻ የዘንድሮ ተመራጭነቷን ሰርዘው ቶሎ እንድትመለስ ወስነዋል። ደብዳቤሽ ተከፍቶ ነው የደረሰን፣ ተጠንቀቂ የሚልም ነበረበት።

በኔ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ኮሚቴ ምን ያደርግ እንደነበር አሰብኩ። ተቆጡ፣ ድምፅ ሰጡ፣ ሻሩ፤ ጽሑፉ ላይ ግን የሁሉም ፊርማ አለበት፣ የተቃወመውም የደገፈውም። ማንም አልተደበቀም። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።

«ጥፋተኛ ነሽ ማለታቸው ነው?» አልኳት።

«ልክ ናቸው» አለች። «እኔም ልክ ነበርኩ። ሁለቱም።»

የሄዱት ዝናቡ ሲጀምር ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲርስ መኪና አያስኬድምና ሎሪው ከመጠለያው ብዙም ሳይርቅ ጎማው ሰመጠ። ወንዶች ወጥተን ገፋን። ትልቋ ሴት ወርዳ ልብሷን ሰብስባ ከኛ ጋር ትከሻዋን ሰጠች፤ እናቴ፣ ይተዉት ብላት በቤንጋሊ የሆነ ነገር መለሰችልኝ። የሚተረጉምልኝ አልነበረም፤ ወጣቷ ከወዲያኛው ጎን ነበረች። ሎሪው ሲወጣ ሁላችንም ጭቃ ለብሰን ነበር።

ወጣቷ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ። በመጀመሪያው በእናቷ መንደር ያቋረጠችውን ሥራ በራሷ ወጪ ለመጨረስ እንደተመለሰች ነገረችኝ፤ ስለ መጠለያውም ጠየቀችኝ። መለስኩላት፤ እናቶቹ አዲስ ለሚመጡት እያስተማሩ ነው፣ አንዳንዶቹ ከስኳር ይልቅ የማሽላ ገንፎ አቅጥነው ይጠቀማሉ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው የደረሰኝ መጠለያውን ለቅቄ ገዳሪፍ ከተማ ለስደተኛ ልጆች ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። የኔን ሙሉ ስምና ታሪክ በማኅበሩ መጽሔት ላይ ማውጣት እንደምትፈልግ፣ ፈቃዴን እንድልክላት ትጠይቃለች።

ለብዙ ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ስሜ በወረቀት ላይ፣ በተማሪዎች እጅ። ሳልመልስላት ቀረሁ።