ሃምሳ ሚሊ ዝናብና ዐረብኛ የለመደው ስልክ

ጂንካ ከተማ ዳር፣ በድሮው የችግኝ ጣቢያ በኩል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያልፍ ሰው፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሽቦ አጥር መሐል ከተተከለች የቆርቆሮ ዕቃ ፊት ቆሞ ያያል። የማያውቀው ሰው ጸሎት ላይ ያለ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን «ዶላሞ ዝናቡን እየለካ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ኮፍያውን የሚያወልቀውም ለአክብሮት አይደለም፤ ከጠርዙ የሚንጠባጠብ ውሃ መለኪያው ውስጥ ገብቶ ልኩን እንዳያዛባበት ነው።

ዶላሞ ይህን ሥራ የያዘው በ1983 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ፣ የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ነበር። ፊደል የሚባል ነገር አይለይም። መንግሥት ሲለወጥ የጣቢያው ባለሙያ ሣህሌ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ሊሄድ ተነሣና፣ መስመር የተሰመረበትን የመስታወት መለኪያ እጁ ላይ አኖረለት።

«ዶላሞ፣ ሰው እስኪመጣ ይቺን አደራ።»

«እኔ መጻፍ የት አውቄ?»

«መቁጠርስ?»

«መቁጠርማ! የአባቴን ከብት ታዲያ ማን ሲቆጥር ኖረ?»

«በቃ፣ ቁጠር» አለው ሣህሌ፣ መኪናው ላይ እየወጣ።

የዶላሞ እናት የበና ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። በእናቱ አገር ጎረምሳው ለዐቅመ አዳም የሚበቃበት የከብት ዝላይ ሲደገስ፣ ለሩቅ ዘመድ የሚላከው ጥሪ የተቋጠረ ገመድ ነው። እንግዳው በየማለዳው አንድ አንድ ቋጠሮ እየፈታ፣ የመጨረሻዋ ስትፈታ ከደጋሹ ደጅ ይገኛል። ዶላሞ ይህንኑ ገልብጦ ያዘው። በየጠዋቱ ውሃው የደረሰበትን መስመር ይቆጥርና፣ ለእያንዳንዱ መስመር ትንሽ ቋጠሮ፣ ለዐሥሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ይቋጥራል። ጠብ ሳይል ያደረ ቀን ሲሆን ገመዱን ባዶ አይተወውም፤ አንዲት የገለባ ዘንግ ያስርበታል። «ገለባ ማለት አልዘነበም ማለት ነው» ይላል። «ባዶ ማለት ግን ዶላሞ ተኝቷል ማለት ነው።»

ያ «ሰው እስኪመጣ» የተባለው ሦስት ዓመት ፈጀ። በ1986 አዲስ ባለሙያ መጥቶ የዕቃ ቤቱን በር ሲከፍት፣ ከግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ ሠላሳ ዘጠኝ ገመዶች አገኘ። ለየወሩ አንድ፣ ጳጉሜ እንኳ አልቀረችም። ባለሙያው መጀመሪያ ሳቀ። ዶላሞ ግን አልሳቀም፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ገመድ በጣቶቹ እየዳሰሰ «ሰኔ አንድ፣ ዐሥራ አራት። ሰኔ ሁለት፣ ገለባ። ሰኔ ሦስት፣ አምስት» ማለት ጀመረ። ሰውየው ሳቁን ዋጠ፤ እስክሪብቶም አወጣ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱንም ቀን የዶላሞ ጣት ገመዱ ላይ፣ ዓይኑ ደግሞ የሰውየው እጅ ላይ ነበር። አምስት ባለ ቁጥር ያ እጅ ምን እንደሚሠራ፣ ሰባት ባለ ቁጥር ወዴት እንደሚታጠፍ አየ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ዐሥሩንም አኃዝ ያውቅ ነበር። አስተማሪ አልነበረውም፤ ያደረገው የሚያውቀውን ከማያውቀው ጎን አስቀምጦ ሁለቱን ማስተያየት ብቻ ነው።

ፊደሉም በዚያው መንገድ መጣ። በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ይዞ ከመዝሙር መጽሐፉ ጋር እያስተያየ፣ በሁለት ዓመት አንባቢ ሆነ። ሚስቱ አየለች እስከ ዛሬ ታሾፍበታለች። «ያን ጊዜ የማዳበሪያ ጆንያ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ከሱ ጋር ገበያ መሄድ ያሳፍረኝ ነበር!»

ከዚያ ወዲህ ገመዱ ደብተር ሆነ፤ ደብተሩም ስልክ ሆነ። ልጁ ቤቴል ከቤይሩት ስትመለስ ስልኳን ሰጠችው። እሷ አሁን ሃና በምትባል ሩቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ኔትወርክ እንደ ልብ የማይገኝበት ቦታ ነው። ዝናብ የሚመዘግበው ቢሮም ስልኩ ላይ አንድ ቅጽ ጫነለት። በየጠዋቱ ቁጥሩን ያስገባል፤ ይልካል፤ አለቀ። ቅጹ አራት ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ባዶ አልቀረም። ወባ ጥሎት የተኛ ቀን እንኳ አየለች መለኪያውን አልጋው ድረስ አምጥታለት፣ እየተንቀጠቀጠ ቆጥሮታል።

በ2016 ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ይህ ሁሉ ሊበላሽ ነበር።

በዋዜማው ስልኩ «ላድስ ወይ?» የሚል ጥያቄ አቅርቦለት ነበር። ዶላሞ በትሕትና የጠየቀን መመለስ አይወድምና እሺ አለው። ሌሊቱን የጂንካ ሰማይ ተቀደደ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮፍያውን አውልቆ ሲለካ ውሃው ሃምሳኛው መስመር ላይ ቆሟል። ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ስልኩን አወጣ። ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ ሆኗል። የቢሮው ቅጽ ብቻ በአማርኛው ቀርቷል። ጣቱ ግን ቦታውን ያውቃልና መሐለኛዋን ቁልፍ፣ አምስትን ነካ፤ ቀጥሎ ታችኛዋን፣ ዜሮን።

የስልኩ መስታወት ላይ የወጣው አንዲት ክብና አንዲት ነጥብ ነው።

«ምን?» አለ ዶላሞ። ጎርፍ እግሩ ሥር እየሄደ ስልኩ ዜሮና ነጥብ ይለዋል! አጥፍቶ ደገመው፤ ያው ክብና ነጥብ። ቢጨንቀው እንዲያው ላከው። ቅጹ «እባክዎ ቁጥር ብቻ ያስገቡ» ሲል መለሰለት።

«ታዲያ ያስገባሁት ጎመን ነው?» ብሎ ጮኸበት።

ቢሮ ደወለ። ሩሃማ የምትባል፣ መዝገቡን የምትይዝ ልጅ አነሣች።

«ሩሃማ ልጄ፣ ሃምሳ ነው! ሃምሳ ሚሊ!»

«አባባ፣ እኔ ጋ ምንም አልደረሰም።»

«ይኸው ነገርኩሽ፤ ጻፊያ!»

«እኔ ማስገባት አልችልም። ሲስተሙ የሚቀበለው ከእርስዎ ስልክ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ይዘጋል።»

«ቢዘጋስ?»

«የዛሬው ባዶ ይሆናል፣ አባባ።»

ዶላሞ ስልኩን ዘጋ። ገመዱ ባዶ እንዳይቀር ያስራት የነበረችው የገለባ ዘንግ ትዝ አለችው። ከዚያ ኮፍያውን ደፋና የመጣውን ባጃጅ አስቆመ።

ስልክ የምትጠግነው ጥሩዬ ወደ ዲመካ ገበያ ሄዳ ሱቋ ተዘግቷል። ለቤቴል ደወለላት፤ «አይገኙም» ተባለ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። በዚህ ከተማ ዐረብኛ የሚያነብ ማን አለ? አብዱሰላም! ጨርቅ ነጋዴው አብዱሰላም የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ነው። ጭቃውን እየዘለለ ገበያው ውስጥ ገባ።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ጎረምሳ የምትሮጠው?» አለው አብዱሰላም ከጨርቁ ክምር ኋላ።

«አታውራ፤ ይህን አንብብልኝ።»

አብዱሰላም መነጽሩን አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁንም ሳብ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እጅግ ያምራል። ሻሽ ሲያማርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች እጃቸውን አቁመው አዳመጡ።

«እሺ፣ ምን ይላል?» አለ ዶላሞ።

«እሱን እንጃ።»

«አሁን አንብበኸው የለም እንዴ!»

«ማንበብ ነው ያልከኝ፤ መቼ ትርጉም ጠየቅኸኝ? እኔ ዱዓ ነው የተማርኩት፤ የስልክ ሴቲንግ አልተማርኩም!» ሴቶቹ ሳቁ። አብዱሰላም ግን ወደ ቅጹ ጠጋ ብሎ አየና ፊቱ በራ። «ቆይ፣ ይቺ ክቧ እኮ በዐረብኛ አምስት ናት። ነጥቧም ዜሮ ናት። ልክ ጽፈሃል፣ ሃምሳ ነው!»

«ልክ ጽፌ ነው የማይቀበለኝ?»

«የቢሮህ ማሽን ዐረብኛ አልተማረማ!»

ዶላሞ ሰዓቱን አየ፤ ከሃያ አምስት ደቂቃ በታች ነው የቀረው። ዓይኑ ባንኮኒው ላይ ከተቀመጠው የአብዱሰላም ስልክ ላይ ዐረፈ። መልኩም ዓይነቱም ከሱው ስልክ ጋር አንድ ነው፤ ጽሑፉ ብቻ አማርኛ ነው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ያኔ በ1986 እንደተቀመጠው።

«ስልክህን አምጣ። ከኔ ጎን አድርገው። አንተ ያንተን ክፈት፤ እኔ እያየሁ እከተልሃለሁ።»

አብዱሰላም ጥርስ ያላትን ክብ ምልክት ነካ፤ ዶላሞም የራሱን ጥርሳም ክብ ፈልጎ ነካ። ሁለቱም ጋ ረጅም ዝርዝር ወረደ። የዶላሞው ሁሉ ነገሩ ከቀኝ ይጀምራል፤ ምልክቶቹ ወዲያ ማዶ ተሰልፈዋል።

«የኔ ስልክ ጀርባውን ሰጥቶሃል» አለ ዶላሞ።

«ባለቤቱን መስሎ ነዋ! ዝም ብለህ ከላይ ቁጠር። የኔ ቋንቋ የሚለው ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ነው።»

ዶላሞ በጣቱ እየወረደ ቆጠረና ዐሥራ ሦስተኛውን ነካ። ስልኩ በሙሉ ድምፁ የሠርግ ከበሮ ለቀቀ። የጥሪ ድምፅ መምረጫው ውስጥ ገብተው ኖሯል። አንደኛዋ ሴትዮ ሻሹን እያወዛወዘች እስክስታ ወረደች።

«አጥፋው! አጥፋው!»

«በየት በኩል ላጥፋው? ዐረብኛ ነው እኮ!»

ሳቁ ሲበርድ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ዶላሞ ሁለቱን ስልኮች እንደገና አስተያየ። የሱ አናት ላይ፣ አብዱሰላም ጋ የሌለች አንዲት ትርፍ መስመር አለች፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የተዛነፈው። «የኔ ዐሥራ አራተኛው ነው» አለ በእርጋታ። ነካው። ዓለምን የምትመስል ድቡልቡል ምስል ያለችበት ገጽ ተከፈተ፤ አብዱሰላም ጋም እንደዚሁ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ አንደኛው። በቋንቋዎቹ ዝርዝር መሐል፣ ከማያውቀው ጽሑፍ ሁሉ መሐል፣ «አማርኛ» የምትል ቃል ተቀምጣ ጠበቀችው። ነካት። ስልኩ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚገልጥ ሰው ጨለም ብሎ በራ፤ ሁሉም ነገር አማርኛ ሆነ።

አብዱሰላም አጨበጨበ። ዶላሞ ቅጹን ከፍቶ አምስትና ዜሮን ነካ።

ክብና ነጥብ።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ጉድ ነው!» አለ አብዱሰላም። «አሁን አማርኛ አልሆነም እንዴ?»

ዶላሞ አልመለሰለትም። አሁን ጽሑፉ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማንም ስልክ አያስፈልገውም። ወደ ጥርሳሙ ክብ ተመለሰና መስመር በመስመር አነበበ፤ እንደ ማዳበሪያው ጆንያ ጮክ ብሎ። «ድምፅ... ባትሪ... የቁልፍ ሰሌዳ!» ቆመ። «አብዱሰላም፣ ስልኩ ሌላ፣ የቁልፍ ሰሌዳው ሌላ ነው። ስልኩ አማርኛ ሲናገር፣ ሰሌዳው ገና ቤይሩት ነው ያለው።» ገባ። «ቋንቋዎች» የሚለውን ነካ። እዚያ ውስጥ ዐረብኛ ብቻውን ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። አማርኛን ጨመረ፤ እንግሊዝኛንም ጨመረ፤ ዐረብኛን አስወጣ።

«ቅር እንዳይልህ» አለው ለአብዱሰላም።

«ግድ የለም፣ ይውጣ። ሰዓቱን እይ!»

ቅጹ። መሐለኛዋ ቁልፍ፤ ታችኛዋ ቁልፍ። 50። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ሃምሳ ዶላሞ አይቶ አያውቅም። «ላክ» የሚለውን ነካ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ ሩሃማ ናት።

«አባባ፣ ደረሰ! ግን... ሃምሳ ነው? እርግጠኛ ነዎት?»

«ካላመንሽ ጎርፉን ልላክልሽ?»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አብዱሰላም ለሁሉም ሻይ አዘዘ። ዶላሞ ሻዩ እስኪመጣ አልተቀመጠም፤ ከጨርቁ ክምር ሥር ረዘም ያለ ቁራጭ ጨርቅ አንሥቶ ይቋጥር ጀመር። አንድ ትልቅና አራት ትናንሽ። ክፍተት። ሦስት። ክፍተት። አንድ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ደግሞ ዐረብኛ የለመደ ስልክ ቢመጣስ?»

መጣም። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ስልካቸው ሲያስቸግራቸው ጥሩዬ ጋ ይሄዳሉ፤ እሷም ቁጥሩ ክብና ነጥብ የሆነበትን ሁሉ «የችግኝ ጣቢያው አባባ ጋ ሂዱ፣ ገመድ አላቸው» ብላ ትልካለች። ዶላሞ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ የትርፍ መስመሯን መኖር አለመኖር ያያል፤ ከዚያ ጣቱ የተቋጠረው ቁራጭ ጨርቅ ላይ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆኖ ይወርዳል። ሲጨርስ ባለስልኳን አንድ ቁጥር አስጽፎ ያያል። የሚያስጽፋት ሁልጊዜ ሃምሳን ነው።

በዚያ ማክሰኞ ማግሥት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ረቡዕ ሌሊቱን ጠብ ሳይል አድሮ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዶላሞ ኮፍያውን አውልቆ መለኪያውን ወደ ብርሃኑ አነሣ። ደረቅ ነው።

«ዛሬስ የሚላክ የለህም» አለችው አየለች ከአጥሩ ማዶ።

«አለኝ እንጂ» አለና ታችኛዋን ቁልፍ ነካ። ነጥብ ሳትሆን፣ ሙሉ ክብ ሆና ዜሮ ወጣች። ላካት።