ከልጄ ጆሮ ጀርባ

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መሰርሰሪያ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ላጫውታችሁ።

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ አልጋና ቁምሳጥን እሠራለሁ። ልጄ ማርታ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ድምፅን ወደ መስሚያ ነርቭ የሚያደርስ፣ ጆሮ ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ እዚሁ ከተማ ሊገጠምላት ቀጠሮ ሲደርሰን ደስታችን ልክ አልነበረውም።

በዋዜማው የጆሮ ሐኪሙ ጠሩን። ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን። ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን አጥንት ሰርስረው ይገባሉ። ቀንድ አውጣ የመሰለው የውስጥ ጆሮ ጋ ለመድረስ ደግሞ በሁለት ነርቮች መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ማለፍ ግድ ነው። አንደኛው ፊትን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ነው። ከተነካ ፊቷ ወደ አንድ ጎን ሊጣመም ይችላል።

የስምምነት ወረቀቱን ፈርም ስባል እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ መሰርሰሪያ እኔም አውቃለሁ። ያዳልጣል" አልኳቸው። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ይቆጣሉ ስል፣ "ግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦ እንዳለ ብታውቅ አንተ እንዴት ትሰረስራለህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ቀስ ብዬ፤ እየነቀልኩ እያየሁ።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ። በማጉያ እያየሁ፣ አጥንቱ እንዳይግል ውኃ እያፈሰስኩበት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ሲሳሳ ነርቩ ከሥር ይታየኛል። እዚያ ላይ አቆማለሁ።"

ሥራ የሚያውቅ ሰው አነጋገሩ ያስታውቃል። ፈረምኩ።

በማግስቱ ግን ወኔዬ ከዳኝ። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተዘርፍጬ ዋልኩ።

ማርታ ከማደንዘዣው ስትነቃ ሐኪሙ መጡ። ፊቷ እኩል መንቀሳቀሱን ማየት አለባቸው፤ "ፈገግ በይ" እንዳይሏት አትሰማም። እሷ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ታፈጥባቸዋለች።

ያ ኮስታራ ሰው አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ጉንጫቸውን ነፉ። አፍንጫቸውን አጨማደዱ። በመጨረሻ ምላሳቸውን ጎልጉለው አወጡ። ነርሶቹ አፋቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ።

ማርታ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ሳቀች፤ በሁለቱም ጉንጯ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዛሬ መሣሪያው ሠርቶላት ስሟን ስጠራ ትዞራለች። ለሐኪሙ ዕድሜ ይስጥልኝ እላለሁ። እጃቸውን ይሁን ምላሳቸውን አብልጬ እንደማደንቅ ግን እስካሁን መወሰን አቅቶኛል።