በማን ሰዓት?

ትናንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኢሜይል ስጽፍ አንድ ቃል ላይ ቆምሁ። የወንድሜ የይበልጣል ሙት ዓመት ደርሷል። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ዘጌ ነው የሚያገለግሉት። ለጓደኞቹ ጥሪ እንድልክ አዘዙኝ። "ጀልባው ከባሕር ዳር በሦስት ሰዓት ይነሣል" ብዬ ጻፍሁና፣ እንዴት ልበል፣ ሳቄ መጣ። የሙት ዓመት ጥሪ እየጻፉ መሳቅ ነውር ነው። ግን እኔና ይበልጣል ከሦስት ሰዓት ጋር ታሪክ አለን።

ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ተፈትቷል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ይበልጣል ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር፣ በተከራያት አንዲት ክፍል አብሬው እኖር ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ከመንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባል። አባባ ስሸኝ "እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘህ ተመለስና የጓሯችንን ቡና ያዝ" ብለውኝ ነበር። ቡናውን አልጠላውም። ከተማውን ግን ገና አልጠገብሁትም ነበር።

ሐይቁ ዳር ለእንግዶች ጀልባ የሚያከራይ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለና ሄድሁ። "የፈተናውን ቀን በኢሜይል እንነግርሃለን፤ አድራሻህን ነገ አምጣ" አሉኝ። ኢሜይል አልነበረኝም። አልነገርኋቸውም።

ማታ ይበልጣል ላፕቶፑን አልጋው ላይ ዘረጋ። አንተነህ ብዬ ስሜን ጻፍሁ፤ ተይዟል አለ።

"ማን ያዘው?" አልሁ።

"ሌላ አንተነህ።"

"እኔ እያለሁ?"

"ቀድሞህ ተነሥቷል። አንተ እንቅልፍ ትወዳለህ።"

ከስሜ ኋላ ዘጌ ብለን ጨመርን፤ አለፈ። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ጮክ ብዬ ልነግረው ነበር። "ለእኔም አትንገረኝ!" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጽፌ እስክጨርስ አልዞረም። በመጨረሻ የቀን መቁጠሪያውን አሳየኝ። ቀጠሮ ከጻፍህበት ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል። "ብቻ እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ጨምርበት" አለኝ። ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኋት።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዬ ኢሜይል ደረሰኝ። "ለፈተና ሰኞ በ3፡00 ሰዓት ይምጡ" ይላል። ይበልጣል ሥራ ላይ ነው። ብቻዬን አሰብሁ። ደብዳቤው የመጣው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ሦስት ሲደመር ስድስት፣ ዘጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠዋት ሄዶ ይቀመጥ ነበር ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ሰኞ ሸሚዜን ተኩሼ፣ እንዳይጨማደድ ብዬ ሳልቀመጥ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ዓሣ ጥብስ በላሁ። ውኃው የክረምት ደለል ገብቶበት ደፍርሷል። ስድስት ሰዓት ላይ ይበልጣል ደወለ።

"ፈተናው እንዴት ነበር?"

"ገና ነው። ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"ማነው ዘጠኝ ያለህ?"

"ሦስት ይላል፤ ስድስት ጨመርሁበት። አንተ አይደለህ ያስተማርኸኝ?"

"ወይኔ ይበልጣል!" አለ። "ደብዳቤውን የጻፉት የእኛ ሰዎች ናቸውኮ! በእኛ ሦስት ነው! የት ነህ? እንዳትነቃነቅ!"

ምሳውን ትቶ በባጃጅ መጣና ቢሮው ድረስ እጄን ይዞ ጎተተኝ። የዓሣው ዘይት ሸሚዜ ላይ ጠብታ ጥሎ ነበር። ኃላፊዋ ወይዘሮ ትሁን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

"ሌሎቹ ተፈትነው ሄዱ" አሉ።

መስከረም ታየኝ፤ ቡናው ታየኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ" አለ ይበልጣል። "ያስተማርሁት እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገራቸው፤ ዓሣውን እንኳ አልተወም።

ወይዘሮ ትሁን መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እኛኮ የምንቸገረው በተቃራኒው ነው" አሉ። "ባለፈው እንግዶች በሰባት እንሄዳለን ብለው ጻፉ። ጀልባ ነጂያችን በእኛ ሰባት ቆጥሮ ከቀትር በኋላ መጣ። ከማለዳ ጀምረው ፀሐይ ሲመታቸው ቆይተዋል።" ወደ እኔ ዞሩ። "መጨመሩን ትችላለህ። ማን እንደጻፈው መጠየቅ ነው የቀረህ። ነገ በሦስት ሰዓት ናና ትፈተናለህ።"

"በማን ሰዓት?" አልሁ።

"ይኸው፣ ጠየቀ!" አሉ።

በማግስቱ በአንድ ሰዓት በራቸው ላይ ነበርሁ። ተፈተንሁ፤ አለፍሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ይበልጣል በዚያው ሰሞን ቀን መቁጠሪያዬ ላይ የራሱን ማስታወሻ ጻፈበት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይደውላል፤ "የእኛ ሦስት ነው፤ ተነሥ!" ይላል። አምና ታመመ፤ ብዙም አልቆየም። ማስታወሻው ግን እስካሁን አላቋረጠም። እኔም አላጠፋሁትም።

ትናንትም ጥሪውን ልኬ ሳልጨርስ ማስታወሻው ደወለ። ወይዘሮ ትሁን ከማዶ ጠረጴዛ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ከአንዱ ጓደኛው መልስ መጣ። እኔ ይህን ሰው አላውቀውም፤ አድራሻውን ያገኘሁት ከይበልጣል ስልክ ነው። እንዲህ ይላል፦

"እመጣለሁ። በማን ሰዓት?"

ወዲያው ሁለተኛ መጣ፤ ከሌላ ሰው። ያው ጥያቄ ነው። ሦስተኛውም ያው። ለካ ይበልጣል ለሁሉም አውርቶላቸዋል፤ ዓሣውንም ጨምሮ ሳይሆን አይቀርም። እየሳቅሁ ዓይኔን ጠረግሁና ለሦስቱም በአንድ ላይ መለስሁላቸው።

"በእኛ።"