ቶኪዮን በባቡር ስዞር

«ጃፓን ምን አየሽ?» የሚለኝ ሰው በዝቶ አሰልችቶኛል። ልጄ እዚያ እንግሊዝኛ ልታስተምር ሄዳ፣ ትኬት ቆርጣ ጠራችኝ። እኔ ያኔ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ስቀበል እቀመጣለሁ። ሁለቱንም አለቆቼን የዐሥር ቀን ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ።

ልጅቱ ፕሮግራም አውጥታ ጠበቀችኝ። አሳኩሳ ወስዳ ትልቁን መቅደስ አሳየችኝ፤ እኔ ያን ሁሉ ወለል ማን እንደሚወለውለው ሳስብ ወጣሁ። ሺቡያ ደግሞ ሰው ከየአቅጣጫው መንገድ ሲሻገር ቆማ ቪዲዮ ታነሳለች። «አሁን መንገድ መሻገርም ይታያል?» አልኳት። እግሬ አብጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኡኤኖ ፓርክ ልንሄድ ከተማዋን ክብ የሚዞረው ባቡር ውስጥ ገባን። ግማሹ ሰው ተቀምጦ እንቅልፉን ይተኛል። በስልክ የሚጮህ የለም። እኔ እዚህ ሜትሮ ውስጥ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ነው የምሄደው፤ እዚያ ግን ቦርሳውን የሚጠብቅ አላየሁም። ወንበሩ ከሥር ይሞቃል። እስቲ ትንሽ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስነቃ ባቡሩ ከተማዋን ሁለቴ ዞሯል። የልጄ ትከሻ በለሃጬ ርሷል።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ፓርኩ አመለጠን እኮ!» ብዬ ተቆጣኋት።

እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

«ስትተኚ አይቼሽ አላውቅም፣ እማዬ። ልጅ እያለሁ እናቶች የማይተኙ ይመስለኝ ነበር።»